ትምህርት 12፦ ቦዝ አንቀጽ በሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ተማሪዎች! ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገርን እንደማይዘጋና ማሰሪያ አንቀጽ እንደሚፈልግ ባለፈው ትምህርት ተመልክታችኋል። ዛሬ ደግሞ የሰው ሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ይኸው አንቀጽ መቼ እንደሚረዳና መቼ እንደሚጎዳ እንመለከታለን። አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ተዋናይቱ ሩት ነጋ

ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት ነርስ በአዲስ አበባ ተወለደች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄዳ በሊመሪክ ከተማ አደገች። አባቷ ግን ኢትዮጵያ ቀሩ። ሩት ሰባት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ ሞቱ።

በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የትወና ትምህርት ተከታትላ በመድረክ፥ በቴሌቪዥንና በፊልም መሥራት ጀመረች። በ2011 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫወተች። ከ2016 እስከ 2019 «ፕሪቸር» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከዋነኞቹ ተዋንያን አንዷ ነበረች።

ይበልጥ የታወቀችው ግን በ2016 በወጣው «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጥቁሯ ሚልድረድና ነጩ ሪቻርድ ላቪንግ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ይከለክል ስለ ነበር፥ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ታሰሩ። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈርደው፥ ለ25 ዓመት ከቨርጂኒያ ከወጡ ቅጣቱ እንደሚነሣላቸው ነገሯቸው። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ሚልድረድን ሆና የተጫወተችው ሩት ናት። ጥቂት ትናገራለች፤ ብዙውን በዓይኗ ታስረዳለች። በዚህ ሥራዋ በ2017 ለኦስካር ሽልማት ታጨች። በ2018 ደግሞ በደብሊን ጌት ቲያትር የወንዱን ልዑል፥ የሐምሌትን ቦታ ይዛ ተጫወተች።

ማብራሪያ

ይህንኑ ታሪክ አንድ ተማሪ እንዲህ አሳጥሮ ጻፈው እንበል፦ «ሩት በአዲስ አበባ ተወልዳ፥ አየርላንድ ሄዳ፥ አባቷ ሞተው፥ ኮሌጅ ገብታ፥ ፊልም ሠርታ ታወቀች።» የድርጊቱ ቅደም ተከተል ስለ ተጠበቀ ስሕተት አይባልም። ነገር ግን የአባቷ ሞት በ«ሄዳ» እና በ«ገብታ» መካከል ተሸጕጦ፥ አውቶቡስ ሳይቆም እንደሚያልፈው ፌርማታ ሆነ። ባለቤቱም ከ«እርሷ» ወደ «እርሳቸው» ዘልሎ ወዲያው ተመለሰ። በምንባቡ ውስጥ «ቀሩ» እና «ሞቱ» የየራሳቸው ማሰሪያ ሆነዋል። አንባቢ ትንፋሹን የሚሰበስበው በአራት ነጥብ ላይ ነውና፥ የሰባት ዓመቷ ልጅ ኀዘን ይህን ያህል ቦታ አይበዛበትም። «ሄዳ አደገች» ሲል ግን ጕዞው ለዕድገቷ መንገድ ብቻ ስለ ሆነ ቦዙ ተስማምቶታል።

መልመጃ

1. በምንባቡ ያሉትን ቦዝ አንቀጾች ከነባለቤቶቻቸው አውጥታችሁ ጻፉ። ለአባቷ አንቱታ፥ ለሩት «እርሷ» የተመረጠው ለምን ይመስላችኋል?

2. በመተማና በአካባቢው ቆላ የምትማሩ፥ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት የነገደ ወይም በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ወደ መተማ የተሻገረ ሰው አታጡም። ፈቃዱን ጠይቃችሁ፥ ስሙን ሳትጠቅሱ፥ ታሪኩን በአሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በቦዝ አንቀጽ ሊታለፍ የማይገባውን አንድ ድርጊት መርጣችሁ በማሰሪያ አንቀጽ ዝጉት፤ ከሥሩም አስምሩበት።