ምንጩን በግንቦት ለኪው

ልጄ፣ እብናት ወረዳ የውሃ ባለሙያ ሆነሽ መመደብሽን ሰማሁ። ሃይድሮጂኦሎጂውን ዩኒቨርሲቲ አስተምሮሻልና እሱን አልደግምልሽም። እኔ የምጽፍልሽ በዚህ አገር በውሃ ሥራ ያረጀ ሰው የሚያውቀውን ነው። ቁጥር የሰጠሁት እንዳይምታታብሽ ብዬ እንጂ ሁሉም እኩል ስለሚከብድ አይደለም።

1. ምንጭ ስትለኪ በግንቦት ለኪ። የእኛ ሰው በጥቅምት እንግዳ ሲመጣበት ምንጩን እያሳየ ይኮራል፤ ውሃውም እውነትም ይንዶለዶላል። ያኔ የለካ ሰው ግን የለካው የክረምቱን ትራፊ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይዘሽ ውረጂ። እንበልና ጀሪካኑ በጥቅምት በ10 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ 2 ሊትር፣ በቀን 172,800 ሊትር ነው። ለገጠር በተቀመጠው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብለሽ ስታካፍይው ወደ 6,900 ሰው ያጠጣል ብለሽ ሪፖርት ትጽፊያለሽ። ያው ምንጭ በግንቦት በ40 ሰከንድ ከሞላ የሚያጠጣው 1,728 ሰው ነው። ማጠራቀሚያ ካልተሠራለት ደግሞ የሌሊቱ ውሃ ፈሶ ስለሚቀር የዚያን ግማሽ ቢያዳርስ ነው። ቦኖ ተሠርቶ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ «ምንጩ ነጠፈ» ሲባል ብዙ ጊዜ ምንጩ ነጥፎ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ያን ያህል አልነበረውም። ደግሞ አንድ ጊዜ ሞልተሽ አትመለሺ። ሦስት ጊዜ ሙዪና አማካዩን ያዢ። ክረምቱ የዘገየበት ዓመት ከሆነ እስኪዘንብ ድረስ እየተመላለስሽ ለኪ።

2. ሴቶቹን ጠይቂ። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ደርቆ አያውቅም» ይልሻል፤ የሚቀዳው ግን እሱ አይደለም። የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚያንስ፣ ከየትኛው ጉድጓድ ለመቅዳት ሌሊት ወረፋ እንደሚያዝ የምታውቀው ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣዋ ናት። ለወንድ ባለሙያ አፏን ሞልታ የማትናገረውን ላንቺ ትነግርሻለች። አሮጊቶቹን ካገኘሽ የ1977ቱን የረሃብ ዘመን አንሺባቸው። ያኔ እብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተራበ ሕዝብ የሰፈረባት የእርዳታ መጠለያ ነበረች። በዚያ ዘመን ያልተቋረጠ ምንጭ ካለ ስሙን ይነግሩሻል፤ በካርታሽ ላይ ቀድመሽ ምልክት አድርጊበት። ጠበል የሆነውን ምንጭ ግን ካህናቱን ሳታማክሪ ሜትር ይዘሽ አትጠጊው።

3. ድንጋዩን እዪ። «መሬቱ ሥር ባሕር አለ፣ ቆፍሩ ብቻ» የሚሉሽ አይጠፉም። የእኛ መሬት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። የጉና ተራራም ቢሆን ከዚያ ብዙ ቆይቶ በላዩ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ፍሰቱ እንደ እንጀራ ተነባብሯል። ውሃው ደግሞ የሚገኘው ከድንጋዩ ሥጋ ውስጥ አይደለም፤ ከስንጥቁ፣ ከተፈረፈረው ክፍልና ከንብርብሮቹ መገናኛ ነው። በንብርብሮቹ መካከል ቀይ ሸክላ የመሰለ ስስ አፈር ታገኛለሽ፤ እሱ ውሃ እንደልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ገደል ላይ ቀዩን መስመር ካየሽ በላዩ በላዩ ተከተዪው፤ ምንጩ የሚያዠው ከዚያ ነው። ሬዚስቲቪቲ መለኪያውን አትናቂ፣ አታምልኪውም። እርጥብ ሸክላንና ውሃ የያዘ ስንጥቅን ሊያመሳስልብሽ ይችላል። ወረዳሽ ከሁለት በኩል የሚፈስ መሆኑንም አትርሺ። አንዱ ወገን በርብ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል፣ ሌላው በበለሳ በኩል ወደ ተከዜ። በአንዱ ወገን የተሳካ ጉድጓድ ለሌላው ወገን ምስክር አይሆንም።

4. ጭብጨባ ላይ አትፈርሚ። የቁፋሮ ማሽኑ (ሪጉ) ውሃ ሲመታ በአየር ገፍቶ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። ሕዝቡ እልል ይላል፣ አመራሩ ፎቶ ይነሳል፣ ኮንትራክተሩ ወረቀት ያቀርብልሻል። በአየር የተረጨ ውሃ የጉድጓዱን አቅም አይነግርሽም። ፓምፕ ገብቶ ቢያንስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይሳብ፤ ውሃው በየሰዓቱ ስንት ሜትር እንደወረደና የት ላይ እንደረጋ ይጻፍ። ፓምፑ ከቆመ በኋላ በስንት ጊዜ ወደ ቦታው እንደተመለሰም ይጻፍ። እያደር ሳይረጋ የሚወርድ ከሆነ ጉድጓዱ ያለውን ጥሪት እየበላ ነው ማለት ነው። አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የሚሠራው እስከ 45 ሜትር ጥልቀት መሆኑን ታውቂያለሽ። ውሃው በሚያዝያ ከዚያ በታች የሚወርድበት ቦታ ላይ እሱን መትከል ለሴቶቹ ድካም መጨመር ነው። ቆሞ የሚታይ ፓምፕ ግን ሪፖርት ላይ ያምራል፤ ተጠንቀቂ።

5. የጥራቱ ነገር። ፍሎራይድ መርምሪ፤ ልኩ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ነገር ግን ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት የጎዳው በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ ነው። የእኛ ደጋ ዋና ጠላት ሰገራ ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም። ናሙናውን በተቀቀለ ጠርሙስ ቅጂና በበረዶ ይዘሽ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሺው፤ ከ24 ሰዓት ያለፈ ናሙና ግን ጣዪው፣ ውጤቱ ያሳስትሻል። ከፓምፑ አፍ ብቻ ወስደሽ እንዳትረኪ፤ ከቤት ጀሪካንም ውሰጂ። ከምንጩ ንጹሕ የወጣው ቤት እስኪደርስ የሚበከለው ብዙ ነው። ናሙና መውሰጃሽም ግንቦት ብቻ አይሁን፤ የመጀመሪያው ጎርፍ በወረደ ሰሞን ተመለሺ፣ መስኩ ላይ የከረመው ሁሉ ወደ ምንጩ የሚገባው ያኔ ነው።

ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቦታውም ከጉድጓዱ በታች ይሁን። በስንጥቅ ድንጋይ ላይ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ዩሪያ በብዛት የሚጣልበት ማሳ ከጉድጓዱ በላይ ካለ ናይትሬት ለኪ፤ በሊትር ከ50 ሚሊግራም ካለፈ ለሕፃን አደጋ ነው።

6. ጥራት ስትዪ መጠን አይረሳሽ። ወረዳሽ ያለበት ደቡብ ጎንደር ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ፊት መታጠቢያ ያጣ ልጅ የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ቢሆንም ዓይኑ ይታመማል። ትንሽ ጥርጣሬ ያለበትን ጉድጓድ ዘግተሽ ሰዉን የሁለት ሰዓት መንገድ ከመስደድ ክሎሪን ጨምረሽ ማቆየት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን መፍረድ ያንቺ ሥራ ነው።

7. ጉድጓዱ የሚሞላው ከላይ ነው። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ሲወጣ አብረሽ ውጪ፤ እርከኑ ከየትኛው ምንጭ በላይ እንደሚሠራ ማሳየት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ቦረቦርን ደግሞ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው ብለሽ አትለፊው። ባሕር ዳርና አዴት መካከል ባለችው ደብረ ማዊ የተደረገው ጥናት የቦረቦሩ ግድግዳ የሚናደው የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ አፈሩን ሲያረሰርሰው መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ግድግዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ጉድጓድሽ ውስጥ ሊቆይ ይችል የነበረ ነው። ከምንጭ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክለውንም ለምኚው፤ ካልሰማ ሽማግሌ ላኪበት። ገንዘቡ ስለሆነ በአዋጅ ብቻ አይነቀልም።

8. ሕጉን አንብቢ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ለመጠጥ የሚውለው ከሁሉ ይቀድማል። የሽንኩርት ማጠጫ ሞተር ከምንጩ በላይ ሲተከል ይህ ይጠቅምሻል።

9. የውሃ ኮሚቴው የሚሰበስበው ገንዘብ ለጥበቃ ደመወዝ ብቻ ሆኖ ካለቀ ፓምፑ በአንዲት ጎማ ይቆማል። ጎማው ሳያልቅ ተገዝቶ በሣጥን ይቀመጥ። ገንዘብ ያዧ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን እዚያው ታዪዋለሽ።

10. ደብተር ይኑር። ዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎቹ ራሳቸው የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዳቸውን ውሃ እየለኩ ሲጽፉ ነበር። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልኬታቸውን ከሌሎች መረጃዎች ጋር አስተያይተው ታማኝ ሆኖ አግኝተውታል። እብናት ይህን የማትችልበት ምክንያት አይታየኝም። በየአቅጣጫው አንድ አንድ የእጅ ጉድጓድ ምረጪ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ስጫቸው። ከውሃው ወለል እስከ ጉድጓዱ አፍ ያለውን በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሰው ሳይቀዳ ይለኩ። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከኮሚቴው ጋር፣ ሌላው ከቀበሌው ትምህርት ቤት ሳይንስ መምህር ጋር ይቀመጥ። አንቺ መቼም ወደ ዞን መዛወርሽ አይቀርም፤ የሚተካሽ ልጅ ሥራውን ከዚያ ደብተር ይጀምር።