ጀልባን በአሮጌ ላንድክሩዘር ስለ መጎተት

በጣና ደሴቶች የሚኖሩ ገዳማትና አድባራት ያለ ጀልባ አይውሉም፤ ዕጣኑና ዘቢቡ፣ እህሉና ሕመምተኛው የሚመላለሰው በውኃ ላይ ነው። ጀልባው ራሱ ግን አንዳንድ ጊዜ በየብስ መጓዝ ይኖርበታል። ለጥገና ሲወጣ፣ ወይም አዲስ ተገዝቶ ከአዲስ አበባ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ በተሳቢ ተጭኖ በመኪና ይጎተታል። በአጥቢያው እጅ ያለው መኪና ደግሞ ብዙ ዘመን ያገለገለ ላንድክሩዘር ከሆነ፣ ልማት ኮሚቴው ከመንገዱ በፊት ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ።

ኮሚቴዎች ዘወትር የሚጠይቁት «መኪናው ይጎትታል ወይ?» ብለው ነው። የአሮጌ ናፍጣ ሞተር ጉልበት በቀላሉ ስለማይከዳ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎን» ይሆናል። ሆኖም ተገቢው ጥያቄ «ያቆመዋል ወይ?» የሚለው ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የሚፈተነው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ክብደቱ ይታወቅ። ለአብነት ባዶው ጀልባ 450 ኪሎ ግራም፣ ሞተሩ 110፣ ተሳቢው 280፣ 60 ሊትር ቤንዚን 45 ያህል፣ መልሕቁና ገመዱ 35 ቢመዝኑ ድምሩ 920 ኪሎ ግራም ይሆናል። በጀልባው ውስጥ 200 ሊትር የዝናብ ውኃ ተኝቶ ከሆነ 1,120 ደረሰ ማለት ነው፤ ውኃው ሳይፈስስ ጉዞ መጀመር የለበትም። በአውሮፓ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይደነገጋል። በምሳሌያችን ያለው ጀልባ፣ ውኃው ከወጣ በኋላም እንኳ፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ ያስፈልገዋል።

ከክብደቱ ያላነሰ አቀማመጡ ያሳስባል። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ፣ በምሳሌያችን 92 ኪሎ ግራም፣ በመኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት፤ መመሪያው ከሚፈቅደው ግን አይለፍ። ይህን ለመለካት ረቂቅ መሣሪያ አያሻም። ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ የእህል ሚዛን ከመጋጠሚያው ሥር በመጎተቻው ቁመት ልክ ቢቀመጥ ይበቃል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። መወዛወዝ ከጀመረ ሾፌሩ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግሩን ከነዳጅ ያንሣ እንጂ ፍሬን በድንገት አይርገጥ፤ ነዳጅም አይጨምር።

አሮጌው መኪና በጋራዥ ሲታይ መጎተቻው የታሰረበት ሻንሲ ዝገት እንዳልበላው መዶሻ ይዞ መፈተሽ ይገባል፤ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በቁልቁለት ሙቀት ይፈላል፤ ያን ጊዜ መርገጫው ባዶ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ይቀየር። ራዲያተሩ፣ የኋላ ባሌስትራውና የተሳቢው ኩሽኔታም ይታዩ። በጎማው ጎን የተጻፉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ተሳቢ ብዙ ስለማይሠራ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይሰነጠቃል።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ይግባ። ፍሬን ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ አጥብቆ ረግጦ መልቀቅና እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ይሻላል። በደረቅ አስፋልት ላይ በእነዚህ አሮጌ መኪኖች አራቱንም ጎማ ማስነዳት ማርሽን ይጎዳል፤ የዚያ ቦታው ረግረጉ የሐይቅ ዳርቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የበዓል ቀን መቃረቡ ነው። ጀልባው ለንግሥ ይድረስ ሲባል ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ሰበካ ጉባኤው ሾፌሩ «አይሄድም» ካለ ማንም፣ አለቃውም ቢሆኑ፣ እንዳያስገድዱት በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር መልካም ነው። በተሳቢው ላይ ባለ ጀልባ ውስጥ ሰው እንዳይሳፈርም በዚያው ይወሰን።

ዳርቻ ሲደረስ ተሳቢው ወዲያው ውኃ ውስጥ አይግባ፤ የጋለ ኩሽኔታ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ኩሽኔታው እስኪበርድ ይጠበቅ። ጀልባው ከመፈታቱ በፊት የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ በጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፣ ከመኪናው ኋላም ሰው አይቁም። ባዶው ተሳቢ ከውኃ ሲወጣ ፍሬኑ ረጥቦ ስለሚደክም፣ ወደ ዋናው መንገድ ሳይገባ በዝግታ እየሄዱ ደጋግሞ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል።