የመጨረሻ ስንት?

ዛሬ ከጤፍና ከቡና ትንሽ ወጣ ልበል። ከቆመው አይሱዙዬ የወረደውን ካምቢዮ ጂጂ ላይ ለጥፌ ስልኬ ሲጮህ ሰነበተ። ሁሉም «የመጨረሻ ስንት?» ነው የሚለው። ዕቃውን ሳያይ እንዲህ የሚጠይቅ አብዛኛው ገዢ አይደለም፤ የእኔን ዋጋ ይዞ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሊከራከርበት ነው። ናሙና ሳያዩ የጤፍ ዋጋ የሚያስጠሩንም እነሱው ናቸው። መልሴ «እንጅባራ መጥተህ እይና እንነጋገራለን» ብቻ ነው።

አንዱ ከዳንግላ መጣ፣ አስከፍቶ አየ፣ ተስማማን፣ 10 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው 15 ሺህ ጨምሮ ደወለ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 20 ሺህ ልመልስ ነው፤ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ ከኪሴ። ከጭማሪው የሚተርፈኝ 5 ሺህ። ለ5 ሺህ ብር ዳንግላ ላይ ስሜ ይነሳ? እምቢ አልኩ።

ሰውየው ሊረከብ ሲመጣ ደግሞ «ጥርሱ ተበልቷል፣ 20 ሺህ ቀንስ» አይለኝም መሰላችሁ! ያዳነኝ ቀብዱ ወረቀት ላይ «ከፍቶ አይቶ ተስማምቷል» የሚለው መስመር ነው። ስቆ ከፈለ። እናንተም ቀብድ ስትቀበሉ ናሙናው መታየቱን፣ ኩንታሉን፣ ዋጋውንና የመረከቢያውን ቀን ጻፉበት።