የግንበኛ ሥራ፤ የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ የአንድን ሥራ አካሄድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ ቦዝ አንቀጽን በተገቢው ቦታ ያውላሉ፤ በአድራጊ፣ በአስደራጊና በተደራጊ ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳሉ።

ሀ. መግቢያ

ድርሰት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ያለፈ ነገርን የሚተርክ አለ፤ የአንድን ነገር መልክ የሚሥል አለ፤ በማስረጃ ተከራክሮ የሚያሳምንም አለ። ዛሬ የምትለማመዱት አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸውን ድርሰት ነው። ይህ ዓይነቱ ድርሰት የሚመዘነው በቃላቱ ጌጥ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጽሑፋችሁን ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ ሳይሳሳት ሊሠራ ይችላልን?

ለምሳሌነት የተመረጠው የግንበኛ ሥራ ነው። ብዙ ሥራ ቢበላሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታረማል። በግንብ ግን የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ከተሸከመ በኋላ፣ ግንቡ ካልፈረሰ በቀር ሊታረም አይችልም። ስለዚህ ቅደም ተከተልን ለመማር ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የደብረ ማርቆስ ግንበኛ

ደብረ ማርቆስ በጎጃም ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1845 ዓ.ም. በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ስትቆረቆር ስሟ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማዪቱም የዛሬውን ስሟን ከዚያ ወሰደች።

የጎጃም ሰው ከድንጋይ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በጢስ ዓባይ አጠገብ በዓባይ ላይ የሚታየው የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ። እግረኛ እስከ ዛሬ ይሻገርበታል። የጮቄ ተራራም ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ የተገኘ በመሆኑ ጥቁር ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል። በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ቤት እንኳ እግሩን ከክረምት ውኃ የሚያድነው የድንጋይ መሠረት ነው።

ግንበኛ ሥራውን የሚጀምረው ድንጋይ በማንሣት ሳይሆን በመለካት ነው። ችካል ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅም ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንደኛው ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። በሒሳብ ትምህርት የምታውቁት የፓይታጎረስ ሕግ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ መሠረቱ ይቆፈራል። ቁፋሮው ልል አፈሩን አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ይወርዳል። ጥቁሩ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቁፋሮን ለማሳጠር ብሎ በዚህ አፈር ላይ ግንቡን ያሳረፈ ሰው፣ ዓመት ሳይቆይ በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ያያል።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ረዳቱ የሲሚንቶውን ልውስ ያዘጋጃል። አንድ እጅ ሲሚንቶና አራት እጅ ንጹሕ አሸዋ ሰፍሮ በደረቁ ያመሳቅላል፤ መልኩ አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ ውኃ እየጨመረ ይለውሳል። ልውሱ ሳይጠነክር በሥራ ላይ መዋል ስላለበት፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከሚያልቀው በላይ አይለወስም።

አሁን ግንበኛው ድንጋይ ያነሣል። ድንጋዩ አስቀድሞ ታጥቧል፤ አቧራ የለበሰ ድንጋይ ልውስ አይዝምና። ግንበኛው ትልልቆቹንና ጠርባቸው ያማረውን ለማዕዘን መርጦ ያስቀምጣል፤ በማዕዘኖቹ መካከል ሲባጎ ወጥሮ ሌላውን በሲባጎው ልክ ይደረድራል። የላይኛው ድንጋይ ዘወትር የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ይሸፍናል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ግንቡ በዚያ መስመር ይከፈላል። በየመካከሉም ከውጭው ፊት ወደ ውስጠኛው ፊት የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ እያስገባ ሁለቱን ፊቶች ያስራል።

እያንዳንዱ ድርድር ሲያልቅ ግንበኛው መቆሙን በቱንቢ፣ መስተካከሉን በውኃ ልክ ይፈትናል። ታችኛው ሳይጠነክር ክብደት እንዳይበዛበት፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ይገነባል። ሥራው ካለቀ በኋላም ግንቡ ለሰባት ቀን ያህል ውኃ ይጠጣል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሐድ ነው፤ ፈጥኖ የደረቀ ልውስ እንደ አመድ ይራገፋል።

ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዘ ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን ተገቢውን ክብር አላገኘም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል።

ሐ. የሰዋስው ማስታወሻ

1. ቦዝ አንቀጽ። «ተክሎ»፣ «ለክቶ»፣ «ወጥሮ»፣ «መርጦ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገርን አይፈጽምም፤ ማሠሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜም ድርጊቱ ከማሠሪያ አንቀጹ ድርጊት በፊት መፈጸሙን ያመለክታል። ስለዚህ የቦዝ አንቀጽ ቦታ ሲለወጥ የሥራው ቅደም ተከተል ይለወጣል። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ረዳቱ ሲሚንቶውንና አሸዋውን አመሳቅሎ ውኃ ጨመረ።
ረዳቱ ውኃ ጨምሮ ሲሚንቶውንና አሸዋውን አመሳቀለ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ቃላቱም አንድ ናቸው። በሁለተኛው መሠረት የሠራ ሰው ግን ሲሚንቶው በየቦታው ተቋጥሮበት፣ ግማሹ ልውስ ሲበረታ ግማሹ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰዋስው ያላገኘውን ስሕተት ግንቡ ያገኘዋል።

2. የቦዝ አንቀጽ ባለቤት። «ግንበኛው ረዳቱን ጠርቶ ድንጋዩን አጥቦ አስቀመጠ» ቢባል ድንጋዩን ያጠበው ማን ነው? በአነጋገሩ ግንበኛው ነው፤ በእውነቱ ግን ረዳቱ ነው። ሥራው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ዐረፍተ ነገሩን ክፈሉት፤ አዲሱን ባለቤትም በስሙ ጥሩት፦ «ግንበኛው ረዳቱን ጠራ፤ ረዳቱም ድንጋዩን አጥቦ አስቀመጠ።»

3. ሠራ፣ አሠራ፣ ተሠራ። በምንባቡ ውስጥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያኑን «አሠሩ» ተብሏል እንጂ «ሠሩ» አልተባለም። «ሠራ» የአድራጊ ነው፤ በገዛ እጁ ለፈጸመው ይነገራል። «አሠራ» የአስደራጊ ነው፤ ላዘዘው፣ ገንዘብ ላወጣው፣ ለተቆጣጠረው ይነገራል። «ተሠራ» የተደራጊ ነው፤ ሥራውን ያመለክታል እንጂ ሠሪውን አይናገርም።

አሁን ወደ ምንባቡ ተመለሱና ስለ ዓባይ ድልድይ የተነገረውን ፈልጉ። «ተሠራ» ይላል። የንጉሡን ዘመን እናውቃለን፤ ድንጋዩን የጠረቡት፣ በጀርባቸው የተሸከሙት፣ በውኃ ላይ ቆመው ያጋጠሙት ሰዎች ግን በዚህ አንድ ግሥ ውስጥ ጠፍተዋል። ተደራጊ ግሥ ስሕተት አይደለም፤ ሠሪው በማይታወቅበት ጊዜ ያስፈልጋል። ሠሪውን እያወቅን ስንሸፍንበት፣ ያሠራውንም «ሠራ» ብለን ስንጽፍ ግን የአንዱን ድካም ለሌላው እንሰጣለን። አሠሪው የራሱ ምስጋና አለው፤ የሠሪው ምስጋና ግን የሠሪው ነው።

መ. የአጻጻፍ መመሪያ

የሥራ ሂደትን ስትጽፉ የሚከተሉትን አስተውሉ።

1. ከመጻፋችሁ በፊት ተግባሮቹን በዝርዝር አውጥታችሁ ቍጥር ስጧቸው።
2. በየተግባሩ አጠገብ «ይህ ባይቀድም ምን ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያለው ተግባር ከነምክንያቱ ይጻፍ።
3. «ጥቂት»፣ «በደንብ»፣ «እንደሚገባ» የሚሉት ቃላት ሥራን አያስተምሩም። መጠን ያለውን በመጠን፣ ጊዜ ያለውን በጊዜ ግለጹ።
4. «ከዚህ በኋላ» የሚለውን በየመስመሩ አትደጋግሙ። «ሲያልቅ»፣ «ሳይደርቅ»፣ «እስኪገኝ ድረስ»፣ «ከሆነ በኋላ» የሚሉትን እንደ አገባባቸው አፈራርቁ።
5. በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሦስት የበለጡ ቦዝ አንቀጾችን አትደርድሩ፤ አንባቢው ማሠሪያው ጋ ሳይደርስ መነሻውን ይረሳዋል።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ አምስት ቦዝ አንቀጾችን ከነማሠሪያ አንቀጻቸው አውጥታችሁ ጻፉ።

2. የሚከተሉትን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ፣ በአያያዥ ቃላት እያገናኛችሁ ጻፏቸው።
   ሀ) ግንቡን ውኃ ማጠጣት
   ለ) ሲባጎ መወጠር
   ሐ) የማዕዘን ድንጋይ ማስቀመጥ
   መ) መሠረት መቆፈር
   ሠ) በቱንቢ መፈተን

3. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የግሡን ጉድለት አርሙ፤ ምክንያታችሁንም ተናገሩ።
   ሀ) ነጋዴው በቀን ሠራተኞች ጉልበት አዲስ ቤት ሠራ።
   ለ) ግንበኛው በገዛ እጁ የአጥሩን ግንብ አሠራ።

4. «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር አገናዝባችሁ በአምስት ዐረፍተ ነገር አብራሩ።

5. ድርሰት። በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ሂዱ። ሥራ በማያስፈታ ሰዓት ቀርባችሁ፣ «እርስዎ» እያላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ የመሣሪያዎቹን ስም ባለሙያው እንደሚጠራቸው መዝግቡ። ከዚያም የአንድን ሥራ ሂደት ከ150 እስከ 200 በሚደርሱ ቃላት ጻፉ። ጽሑፋችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለባለሙያው አንብቡለት። «እንዲህ አይደለም» ያለበትን ቦታ አርሙ፤ የመጀመሪያው አራሚያችሁ እርሱ ነው።