«እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉሽ ስልኩን አትዝጊው

እስቲ ደብተርሽን ላየው። ስም፣ ስልክ፣ «ሳንባ»። በቃ? ስልኩ የማን እንደሆነ አልጻፍሽም እኮ። ያንቺ ሽማግሌ ስልክ ብዙውን ጊዜ የልጃቸው ነው፤ ልጁ ደግሞ ቀን ማሳ ላይ ነው የሚውለው። የምትደውዪበትን ሰዓት ከባለስልኩ ጋር ተቃጠሪ። ሚስኮል ካደረጉልሽ አንቺ መልሰሽ ደውዪ፣ ካርዳቸው አይለቅ።

ሳታዪው በስልክ የሳንባ ማገገሚያ እንቅስቃሴ የምትጀምሪለት ሰው አይኑር። ረቡዕ ለገበያ ሲመጡ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታው ሳይመረመር እንዳትጀምሪለት። የቲቢ መድኃኒቱን ጨርሶ ትንፋሽ ያጠረው፣ ዕድሜዋን ሙሉ በኩበት ጭስ ስታበስል የኖረችው፣ ያንቺ ሰዎች እነሱ ናቸው። በእጃቸው ሳይደገፉ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሡ ቁጠሪ፤ ቤታቸው ሲገቡም መደቡ ላይ እንዲደግሙት አድርጊ። መነሻሽ የመደቡ ቁጥር ይሁን፤ መደብ ከፍታው አይለዋወጥም። ጣት ላይ የሚሰካውን ኦክሲሜትር ግን ብቻውን አትመኚው። ጮቄ ተራራ ሥር አየሩ ስስ ስለሆነ ንባቡ ከቆላ ሰው ዝቅ ይላል፣ ጣት በብርድ ሲደነዝዝ ደግሞ ጭራሽ ይዋሻል።

አሁን ደወልሽ እንበል። «እንዴት ነዎት አባባ?» ካልሽ መልሱን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ነፍሳቸው ልትወጣ ብትደርስም የሚሉሽ ይህንኑ ነው፤ የእኛ ሰው ሕመሙን ለስልክ አይናገርም። ስለዚህ ሌላ ጠይቂ። «ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የት የት ላይ ቆመው አረፉ?» በዪ። «እየሄዱ ከልጅዎ ጋር ማውራት ችለው ነበር?» ትንሽ እያለከለኩ ካወሩ ልክ ነው፤ እንደ ልባቸው ከተጫወቱ እርምጃው ይጨመር፤ ቃል ማውጣት ካቃታቸው ይቀነስ። ጆሮሽንም አንቂ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ንግግር ባንድ ትንፋሽ የጨረሱ ሰው ዛሬ ሦስት ቦታ ከቆረጡት፣ እንቅስቃሴውን ትተሽ ወደ ጤና ጣቢያ ጥሪያቸው።

ማለዳ ተነሥተው ይሂዱ እንዳትዪ፣ ውርጩ ደረት ያጠብቃል። ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሜዳ ሜዳውን። ሲደክማቸው በአፍንጫ ስበው ከንፈር አሹለው፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ ቀስ ብለው ያውጡት። ማውጫው ከማስገቢያው ይርዘም።

«በስልክ ብቻ ሳንባ ይበረታል እንዴ?» ያልሽኝን አልረሳሁም። ሳንባው አይለወጥም፤ የሚበረታው ጡንቻው ነው፣ ያኔ ያው ትንፋሽ ይበቃዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የሳንባ ሕመምተኞችን አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄደው አዩአቸው፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ ደወሉላቸው። ቪዲዮ የለ፣ ውድ መሣሪያ የለ። በስምንት ሳምንት መጨረሻ ለእንቅስቃሴው ማዕከል ድረስ ከተመላለሱት አላነሱም። በዓመቱ ግን የሁለቱም ወገን ብርታት ተመልሶ ወረደ፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሣውም።

ለባለስልኩ ልጅ ለብቻው ንገሪው፦ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደም ከተፉ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ያንቺን ስልክ አይጠብቅ፣ መኪና ፈልጎ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያድርሳቸው። ያንቺም ሰዎች ስምንት ሳምንት ሲያልቅ ስማቸውን አትሰርዢ። በወር አንድ ጊዜ እየደወልሽ የመደቡን ቁጥር ጠይቂ፤ ከወረደ እንደገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሪ።