የቅርጫት ኳስ ለጀማሪዎች፤ የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች በቅደም ተከተል

ማንኛውም ትምህርት ሥርዐትና ቅደም ተከተል አለው። ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት አይደግምም፤ ግእዝ ንባብን፣ ውርድ ንባብንና ቁም ንባብን በየተራቸው ሳያልፍ ወደ ዜማ ቤት የገባ ተማሪም ውሎ አድሮ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም። የቅርጫት ኳስም እንደዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ሜዳ የሚታየው ከዚህ የተለየ ነው። ጀማሪዎች ኳስ እንደ ጨበጡ ሁሉም ወደ ቀለበቱ መወርወር ይፈልጋሉ፤ ኳሱ ተመልሶ ሲወድቅ ብርቱው ይይዘዋል፤ ደካማው ቆሞ ይመለከታል። በዚህ ዐይነት ጥቂት ቀን ከዋሉ በኋላ ብርቱው መጥፎ ልማድ ይዞ ይቀራል፤ ደካማው ደግሞ ጨዋታው ለእርሱ ያልተሰጠ መስሎት ሜዳውን ይተዋል።

ስለዚህ አንድ ኳስና አንድ ቀለበት ብቻ ያላቸው ዐሥራ ሁለት ያህል ተማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊፈጽሙት የሚችሉት ልምምድ ከዚህ ቀጥሎ ተዘርዝሯል። ተራውም አስቀድሞ እግር፣ ቀጥሎ መቀባበል፣ ከዚያም ማንጠር፣ በመጨረሻ ወደ ቀለበት መወርወር ነው።

፩. የጨዋታው አመጣጥ

የቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጀምስ ኔይስሚዝ ነው። በ1861 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ተወልዶ፣ በሞንትሪያል ከተማ የነገረ መለኮት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ መምህር ሆነ። በ1891 (እ.ኤ.አ.) በብርድ ወራት፣ በረዶ ከሜዳ ያስቀራቸው 18 ተማሪዎች በአዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት ስፖርት ሰልችቷቸው አስቸገሩ፤ አለቃውም በ14 ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ አዘዘው።

ኔይስሚዝ አስቀድሞ የመረመረው የጠብን ምክንያት ነው። በእጅ ይዘው በሚሮጡበት ጨዋታ ሰው ሰውን የሚጥለው ኳስ የያዘው ስለሚሮጥ መሆኑን አስተዋለ፤ እንግዲህ ሩጫው ቢከለከል መጣሉም ይቀራል ብሎ ደመደመ። ግቡም ከራስ በላይ ቢሆን ኳሱ በጉልበት ሳይሆን በልክ መወርወር እንደሚኖርበት ተረዳ። ስለዚህ ሁለት የኮክ ፍሬ ማኖሪያ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ በ3.05 ሜትር ከፍታ አስቸንክሮ 13 ደንቦችን ጻፈ። የቀለበቱ ከፍታ እስከ ዛሬ ያው ነው።

በእነዚያ ደንቦች ኳስ ይዞ መሮጥ የተከለከለ ነበር፤ ተጫዋቹ ኳሱን ከተቀበለበት ስፍራ ለሌላው መስጠት ነበረበት። እያነጠሩ መሄድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ከዚህ ጨዋታ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው ለባልንጀራ ማቀበል መሆኑን ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ይወቅ። በኢየሩሳሌም በንጉሥ ዳዊት ጎዳና የሚገኘው የዚሁ ማኅበር ሕንፃ በ1933 (እ.ኤ.አ.) ሲመረቅ የስፖርት አዳራሽ ያለው ሆኖ ነበር።

፪. ዝግጅት

ሜዳ። ሙሉው ሜዳ 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ወርድ አለው፤ ለጀማሪዎች ልምምድ ግን የዚህ ሩብ ይበቃል። መሬቱ ደረቅና ደልዳላ ይሁን። በአገልግሎት ብዛት የለሰለሰ የድንጋይ ንጣፍ ውሃ ሲነካው እጅግ ስለሚያዳልጥ በዝናብ ቀን አይሠራበትም። የጸሎት ስፍራና ምእመናን የሚያልፉበት መንገድ ሜዳ መሆን አይገባቸውም፤ ይልቁንም ለትንሣኤ በዓል ተሳላሚዎች በሚበዙበት ወራት አረጋውያን በአጠገብ ሲያልፉ ኳሱ በእጅ ይያዝ።

ዕቃ። ለአዋቂ ወንዶች የሚሆነው ኳስ ክብደቱ ከ600 ግራም ብዙ የማይርቅ ነው። ከወላጆቻቸው ጋር ለመሳለም የመጡ ሕፃናት ቢኖሩ አነስተኛ ኳስ ይሰጣቸው፤ የሕፃናት ቀለበት በ2.60 ሜትር ከፍታ ይሰቀላል። ጫማው የጎማ ሶል ይኑረው። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ የአንገት መስቀል ከልብስ ውስጥ ይግባ።

ሰዓት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ጾመኛ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ እንዲሮጥ ማድረግ ጤናን መጉዳት ነው። በጾም ቀን ልምምዱ ከማዕድ በኋላ ምግቡ እስኪረጋ ተጠብቆ ወደ ማታ ይሁን፤ ካልሆነም በእግርና በእጅ አያያዝ ቀላል ልምምድ ይወሰን። ራሱን ያዞረው ተማሪ ወዲያው በጥላ ይቀመጥ።

፫. የአንድ ሰዓት ልምምድ

በመጀመሪያ ለ5 ደቂቃ በዝግታ እየሮጡና መገጣጠሚያዎችን እያንቀሳቀሱ ሰውነትን ማሟሟቅ ይገባል።

አንደኛ፤ እግር (10 ደቂቃ)

ሀ. አቋቋም። እግሮች በትከሻ ስፋት ይከፈቱ፤ ጉልበት ይታጠፍ፤ ክብደቱ በፊተኛው የእግር መዳፍ ላይ ይረፍ፤ ዐይን ወደ ፊት ይመልከት። መቋሚያ ይዞ ዝማሜ የተማረ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በልክ ማዛወርን ስለለመደ ይህ አይከብደውም።

ለ. መቆም። ተማሪዎቹ በመስመር ሆነው አምስት እርምጃ ይሮጣሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱን እግሮች በአንድ ጊዜ አሳርፈው ይቆማሉ። ጉልበቱን አጥፎ በቀስታ ያረፈ በትክክል ቆሟል፤ ወደ ፊት የተንገዳገደ ግን ይድገም። ይህ ስምንት ጊዜ ይደረግ። የቁርጭምጭሚት ወለምታ መሮጥን እንጂ መቆምን ካለመማርም ሊመጣ ይችላል።

ሐ. መዞር። ኳስ የያዘ ሰው አንዱን እግር ከስፍራው ሳያነሣ በሌላው እየረገጠ ወደፈለገበት መዞር ይችላል። በሁለት እግር በአንድ ጊዜ የቆመ ከሁለቱ የፈለገውን መሠረት ያደርጋል፤ እግሮቹን በተራ ያሳረፈ ግን መሠረቱ ፊተኛው ነው። ለልምምድ በመሠረቱ እግር ዙሪያ በጠመኔ ክብ ይሠመር፤ ከክቡ የወጣ እግር ጥፋት ሆኖ ይቆጠር።

ሁለተኛ፤ መቀባበል (15 ደቂቃ)

ኳስ በጣቶች እንጂ በመዳፍ አይያዝም። ከደረት ሲቀበል አንድ እግር ወደ ፊት ይራመዳል፤ ክንዶቹ ይዘረጋሉ፤ ኳሱ ሲወጣ አውራ ጣቶች ወደ ታች ያመለክታሉ። ዒላማው የተቀባዩ ደረት ነው። ተቀባዩ በበኩሉ እጆቹን አስቀድሞ ያሳያል፤ ወደ ኳሱ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ኳሱ ሲደርስም ክንዱን ወደ ራሱ እየሳበ በልስላሴ ይቀበላል። በመሬት አንጥሮ ማቀበልም አለ፤ ኳሱ መሬት የሚመታው ከሰጪውና ከተቀባዩ መካከል ካለው መንገድ ሁለት ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ነው።

ዐሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ስድስት ስድስት ሆነው በ4 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። መጀመሪያ የቆመው ለፊት ለፊቱ አቀብሎ ወደዚያኛው ሰልፍ ጫፍ ይሮጣል፤ የተቀበለውም እንዲሁ ያደርጋል። ኳሱ ሳይወድቅ 20 ጊዜ መተላለፍ አለበት፤ ከወደቀ ቁጥሩ ከአንድ ይጀመራል። እዚህ ላይ ብርቱው ያለ ደካማው ምንም ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ለባልንጀራው የሚመች ኳስ መስጠትን ይማራል።

የዚህን ጥቅም በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ውርወራና ኳሱን መመለስ 10 ሰከንድ ቢወስድ በ12 ደቂቃ 72 ውርወራ ይሆናል፤ ለዐሥራ ሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስድስት ብቻ ይደርሰዋል፤ ያውም ሁሉም ተራውን ከጠበቀ ነው። በሰልፍ መቀባበል ግን ኳሱ በየሦስት ሰከንዱ ቢተላለፍ በዚያው 12 ደቂቃ 240 ጊዜ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ 20 ይደርሰዋል። አንድ ኳስ ብቻ ላለው ቤት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ሁለት የልምምድ ቀኖች የውርወራው ጊዜ ለመቀባበል ይጨመር።

ሦስተኛ፤ ማንጠር (10 ደቂቃ)

ኳስ በጣቶች ተገፍቶ እስከ ወገብ ከፍ ይላል፤ በመዳፍ መጠፍጠፍ ስሕተት ነው። ባላጋራ ሲቀርብ ኳሱ እስከ ጉልበት ዝቅ ይላል፤ በባላጋራውና በኳሱ መካከልም የአንጣሪው ሰውነት ይገባል። የጀማሪ ትልቁ ድካም ዐይኑን ከኳሱ አለማንሣቱ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ፊት ለፊት ቆሞ ጣቶቹን ያሳያል፤ አንጣሪው ሳያቋርጥ ቁጥሩን ይናገራል። እያንዳንዱ 10 ጊዜ በቀኝ፣ 10 ጊዜ በግራ ካነጠረ በኋላ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ የቀሩት ያለ ኳስ እንቅስቃሴውን አብረው ይከተላሉ። አንጥሮ የያዘ ሰው ደግሞ ማንጠር እንደማይፈቀድለት ከአሁኑ ይወቅ።

አራተኛ፤ ወደ ቀለበት መወርወር (12 ደቂቃ)

ጀማሪውን ከቅጣት መስመር ማስጀመር አይገባም፤ ያ መስመር ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ስለሚርቅ ጉልበት የሌለው ልጅ ኳሱን ለማድረስ ሲል አወራወሩን ያበላሻል። ጅማሬው ከቀለበቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ከጎን በኩል ይሁን። የሚወረውረው እጅ ከኳሱ ሥር፣ ክርኑም በቀጥታ ከእጁ በታች ይሆናል፤ ሁለተኛው እጅ ኳሱን ከጎን ይደግፋል እንጂ አይገፋም። ኀይሉ ከጉልበት ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ የእጅ አንጓ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ኳሱም እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ ይወርዳል። የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኳሱ ከላይ ሲመጣ ቀለበቱ ሰፊ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ በዝቅታ ሲመጣ ግን ይጠበዋል። ሦስት ያገባ ተማሪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ፤ አወራወሩ ሲበላሽ ወደ ነበረበት ይመለስ። ቀለበት ለሌላቸውም በግድግዳ ላይ በ3.05 ሜትር ከፍታ የተሠመረ ምልክት ለጊዜው ይበቃል።

አምስተኛ፤ ጨዋታ (8 ደቂቃ)

ስድስት ለስድስት ሆነው ያለ ማንጠርና ያለ ሩጫ ይቀባበላሉ። ዐሥር ጊዜ በተከታታይ የተቀባበለ ወገን አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ነገር ግን የወገኑ አባላት ሁሉ ኳሱን ካልነኩ ነጥቡ አይቆጠርም። ተከላካዮች በክንድ ርቀት ይቆማሉ፤ እግራቸውን ሳያቆላልፉ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ የሰውን አካል በእጅ አይዙም፣ አይገፉም።

፬. የአሠልጣኙ ግዴታ

አሠልጣኙ በአንድ ጊዜ አንድ ስሕተት ብቻ ያርም። ክርን፣ ጉልበትና ዐይን በአንድ ትንፋሽ የተነገረው ጀማሪ አንዱንም አይዝም። ብርቱውን ከደካማው ጋር ያጣምር። በስሕተት ላይ መሳቅን ከመጀመሪያው ቀን ይከልክል፤ በሳቅ የተዋረደ ልጅ ከኳሱ ይልቅ የሰውን ፊት ሲመለከት ይውላልና። እግሩ ወለም ያለው ተማሪ ጨዋታውን ያቁም፤ እግሩን ከፍ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግለት፤ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ሐኪም ይየው።

በመጨረሻም የልምምዱ ፍሬ የሚመዘነው ቀለበት ውስጥ በገባው ኳስ ብዛት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ከመጡት ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች መካከል ከአንድ ወር በኋላ ስንቱ በሜዳው ተገኙ? የአሠልጣኙ ፈተና ይህ ነው።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩. ኔይስሚዝ ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከለው ስለ ምንድር ነው?
፪. በሁለት እግር በአንድ ጊዜ የቆመና እግሮቹን በተራ ያሳረፈ ተጫዋች በመሠረት እግር ረገድ ምን ልዩነት አላቸው?
፫. ስምንት ተማሪዎች በአንድ ኳስ ለ12 ደቂቃ ቢለማመዱ በውርወራና በመቀባበል ለእያንዳንዱ ስንት ስንት ጊዜ ይደርሰዋል?
፬. ኳሱ ጎብጦ መውረድ የሚገባው ለምንድር ነው?
፭. በጾም ቀን የልምምዱ ሰዓትና ዐይነት እንዴት ይወሰናል?