ጆንያ በጆንያ ውስጥ፤ ከምናባዊ ኮምፒዩተር የማይመጣው መልስ

በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው እህል በረንዳ ለረጅም ዘመን የሀገራችን የእህል ንግድ መገናኛ ሆኖ ኖሯል። ትርፍ አምራች ከሆኑ አካባቢዎች የተጫነው እህል እጥረት ወዳለባቸው ሲሻገር ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ደላሎች አማካይነት ነበር። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የእነዚህን ደላሎች ሚና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ሻጩ የገዢውን መጋዘን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ደላላው ያውቃል። የኮምፒዩተር መረብም እንዲህ ባለ መካከለኛ ላይ ሲያርፍ ብዙ ነገር ይቀላል፤ መልእክት ሲጠፋ ግን የጠፋበትን ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

የግል ደመና የምንለው አንድ ተቋም በራሱ ክፍል ያስቀመጣቸውን ኮምፒዩተሮች በሶፍትዌር ከፋፍሎ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮችን የሚያሠራበትን ሥርዓት ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ናሳና ራክስፔስ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት ኦፕንስታክ ነው። ምናባዊው ኮምፒዩተር በእጅ አይነካም፤ የመረብ ገመዱም፣ ራውተሩም፣ አድራሻውም በሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው።

ለማስረዳት ያህል፣ በእህል በረንዳ ያለ አንድ መደብር የነጭ ጤፍ፣ የሰርገኛ ጤፍና የበቆሎ የዕለት ዋጋ ወደ እንዲህ ያለ ምናባዊ ኮምፒዩተር ይልካል እንበል። ቡሬ ያለው ነጋዴ መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት የወሩን ዋጋ ያያል። አንድ ቀን ጠዋት የዕለቱ ዋጋ እንደ ወትሮው ይመዘገባል፤ የወሩ ሠንጠረዥ ሲጠየቅ ግን ገጹ ባዶውን ይቀራል። ፒንግ ሲላክ መልስ ይመጣል። የመረብ ባለሙያው «መረቡ ደኅና ነው» ይላል፤ የፕሮግራሙ ጸሐፊም «ፕሮግራሜ አልተነካም» ይላል። ሁለቱ ሲከራከሩ በቡሬ የተጫነ በቆሎ ቆሞ ይውላል።

ፍለጋው ከውስጥ ወደ ውጭ ቢሄድ ይመረጣል። የደመናው ሥርዓት በመረብ ሳያልፍ ወደ ምናባዊው ኮምፒዩተር የሚያስገባ ኮንሶል አለው፤ በዚያ ገብተን አድራሻውን እናያለን። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ አዳዩ ዲኤችሲፒ አልመለሰም ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ መድከም አያስፈልግም። ትክክለኛ አድራሻ ካለው ደግሞ ከውጭ የምንጠራበትን አድራሻ እዚያ ውስጥ ባናገኘው ልንደነግጥ አይገባም። ጀማሪዎች በዚህ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። ምናባዊው ኮምፒዩተር የሚያውቀው የግል አድራሻውን ብቻ ነው፤ የውጭውን አድራሻ ወደ ግሉ የሚለውጠው ራውተሩ ነው፤ የደላላውን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነውና።

ቀጥሎ ኬላው ይመረመራል። በኦፕንስታክ ነባሪው የጥበቃ ደንብ መውጣትን ይፈቅዳል፤ ከራሱ ቡድን አባላት በቀር ከውጭ የሚገባውን ግን ይከለክላል። እህል ነጋዴዎች እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ኬላ ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቁት ነበር፤ የኮምፒዩተሩ ኬላ የሚለየው ጭነቱን መልሶ የማይልክ በመሆኑ ነው፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ዝምታንና እምቢታን መለየት ያሻል። ግንኙነት ጠይቀን «ተከልክሏል» የሚል ፈጣን መልስ ከመጣ፣ በአብዛኛው መልካም ዜና ነው፤ ፓኬቱ ደርሷል፣ በዚያ በር የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። ምንም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ግን ኬላውን ወይም መንገዱን እንጠረጥራለን።

በእኛ ምሳሌ ግን ኬላው ክፍት ነው፤ ትንሹ መልእክት ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ፓኬቱ የሚጓዝበትን አኳኋን እንመልከት።

ምናባዊ ኮምፒዩተሮቹ በተለያዩ አስተናጋጅ ኮምፒዩተሮች ላይ ሲሆኑ የአንዱ ፓኬት ወደ ሌላው የሚሄደው በሌላ ፓኬት ተጠቅልሎ ነው። ለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ቪኤክስላን የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የቀድሞው ቪላን 4,096 የመረብ ቁጥሮች ብቻ ሲኖሩት ቪኤክስላን ከ16 ሚሊዮን በላይ አለው። ዋጋው ደግሞ 50 ባይት ነው፤ ለውጭው የአይፒ ራስጌ 20፣ ለዩዲፒ 8፣ ለቪኤክስላን 8፣ ለውስጠኛው ኢተርኔት 14።

የኢተርኔት መደበኛ ልክ 1500 ባይት ነው። እስከ አፉ የሞላ የኩንታል ጆንያ በሌላ እኩያው ጆንያ ውስጥ ቢከተት የውጭው አፍ አይሰፋም። ምናባዊው ኮምፒዩተር ልኩ 1500 ነው ብሎ ሞልቶ ሲልክ የተጠቀለለው 1550 ይሆናል፤ ልኩ 1500 የሆነው የታችኛው መረብም አያሳልፈውም። የቪኤክስላን ደንብ ጠቅላዩ ፓኬቱን እንዳይቆራርጥ ይከለክላል። «ረዝሟልና አሳጥር» የሚለው ማስጠንቀቂያም ወደ ላኪው ላይመለስ ይችላል። የተለመደው ፒንግ 84 ባይት ብቻ ነውና ተጠቅልሎም በምቾት ያልፋል። የአንድ ቀን ዋጋም እንዲሁ። ሠንጠረዡ ግን ጆንያዎቹን ሞልቶ ይነሣል፤ ሁሉም በመንገድ ይቀራሉ። (ገጹ በምስጢር ቁልፍ የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ገና በመግቢያው ይቆም ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፓኬት ይበልጣል።)

«ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው አቤቱታም ፍቺው እዚህ ነው። ሁለቱ ተነጋጋሪዎች በአንድ አስተናጋጅ ላይ እስካሉ ድረስ መጠቅለል አያስፈልግም። ሌሊት አንደኛው ወደ ሌላ አስተናጋጅ ቢዛወር፣ ማንም ፕሮግራሙን ሳይነካው ጠዋት ይበላሻል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በኮንሶሉ ገብተን፣ በሌላ አስተናጋጅ ላይ ወዳለው መውጫ በር፣ እንዳይቆራረጥ አዝዘን ፒንግ እንልካለን። 1422 ባይት ብንጭን የአይሲኤምፒ 8 እና የአይፒ 20 ሲጨመሩ 1450 ይሆናል፤ ያልፋል። 1423 ስንጭን ዝምታ ከሆነ በሽታው ተገኝቷል። በዝምታ ፈንታ ከራሱ ከምናባዊው ኮምፒዩተር «መልእክቱ ረዝሟል» የሚል ስሕተት ወዲያው ከመጣ ግን ማሽኑ ልኩን ያውቃልና ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የምናባዊውን ኮምፒዩተር ልክ ወደ 1450 ማውረድ ነው፤ ዲኤችሲፒ ይህን ሊነግረው ይችላል፤ ልካቸው በእጅ የተጻፈባቸው ማሽኖች ግን አይሰሙም። ሁለተኛው የታችኛውን መረብ ልክ፣ ለምሳሌ ወደ 9000፣ ማሳደግ ነው። ይህ የተሻለ ፍጥነት ይሰጣል፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ አንድ ስዊች እንኳ ቢዘነጋ ችግሩ በዚያ መስመር ብቻ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህም ከመጀመሪያው ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራል። በችኮላ የኬላውን ደንብ ሁሉ መክፈት ግን እኛ አንደግፈውም፤ ሠንጠረዡን አያመጣም፣ ዋጋውን ግን ማንም እንዲለውጠው በር ይከፍታል።

ከጥገናው በኋላ የሚላከው የሙከራ መልእክት የተለመደው አጭር ፒንግ መሆን የለበትም። የወሩ ሠንጠረዥ ከመደብሩ ተጠይቆ እስከ መጨረሻው መስመር ሲታይ፣ ምናባዊው ኮምፒዩተርም ወደ ሌላ አስተናጋጅ ተዛውሮ ያው ሲደገም፣ ያን ጊዜ ለቡሬ ሊደወል ይችላል።